ጠረጋ የምትለው ቃል

ኅዳር 4

ይድረስ ለቀያሹ ባሌ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው። ቂም ይዤ አይደለም፤ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ስፌቱ ስለሚጎትተኝ ነው። ቂሙን ከፈለግከው ወደ ታች አለልህ።

«ለምን ሳትነግሪኝ ሆድሽን አስከፈትሽ?» ላልከው፣ ነግሬህ ነበር። ለእረፍት መጥተህ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ቡትስህን ስታወልቅ፣ ማዮማ ነው አሉኝ፣ ማህፀኔ ላይ የበቀለው እጢ መውጣት አለበት አልኩህ። «እሱማ የስንቷ ሴት ነው» ብለህ ወደ ሁለተኛው ጫማ አለፍክ። ቀኑን አለመንገሬ ግን እውነት ነው። ቀኑ የመጣው በድንገት ነው። ተራ የያዘች አንዲት ሴትዮ ፈርታ ቀረችና ነርሷ አንቺ ትገቢያለሽ ወይ አለችኝ፤ ገባሁ። እናንተ ካምፕ ስልክ አይሠራም። ነዳጅ የሚያመላልሰው ሾፌር መልእክቴን ይዞ እስኪደርስ እኔ ተቀድጄ ተሰፍቼ ነበር።

ማዮማው ወጥቷል። ትልቁ ብርቱካን ያህል ነበር፤ ዙሪያውን የተሰበሰቡትን ትንንሾቹን ሐኪሙ «አጃቢዎቹ» ይላቸዋል። ማህፀኔ በቦታው አለ። ከመግባቴ በፊት እሱን ካወጣችሁ የምንገናኘው ፍርድ ቤት ነው ብያቸው ነበር። ማደንዘዣ የምትሰጠው ሴትዮ ሳቀች፤ ሐኪሙ አልሳቀም።

ሌላም ነገር ተገኝቷል። ታስታውስ እንደሆነ እኔ ሁልጊዜ «ይህ አንድ በሽታ አይደለም» እል ነበር። በየወሩ ያለልክ የሚፈሰኝ ደም የማዮማው ነው ሲሉኝ እሺ ብያለሁ። ሕመሙ ግን ከደሙ በዕድሜ ይበልጣል። ተማሪ ሳለሁ፣ ደሙ ገና እንደማንም ሴት በነበረበት ጊዜ፣ ፈተና ላይ ተቀምጬ እስክሪብቶዬን ነክሼ ሰብሬ አውቃለሁ። ያኔ «ስታገቢ ይተውሻል» አሉኝ። ሳገባ «ስትወልጂ ይተውሻል» አሉኝ። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሰውዬ ደግሞ ስክሪኑ ላይ እጢውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ይኸውልሽ ጠላትሽ» አለኝ። ጠላቴ ብቻውን አይደለም አልኩት።

«ሐኪም ነሽ?» አለ።

«አይደለሁም፤ ማተሚያ ቤት የመማሪያ መጻሕፍት አራሚ ነኝ። አንድ ስህተት ያገኘ ዓይን ቀጥሎ ያለውን ዘሎ እንደሚያልፍ አውቃለሁ» አልኩት።

ልክ ነበርኩ። ዝርዝሩን አሁን አልጽፍልህም፤ እኔም ስሙን አጥርቼ መጥራት ገና እየተማርኩ ነው።

እናትህ ደግ ሆነው ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ጠብቀዋል። ስነቃ ግን አልነበሩም። ቤት ከገባሁ ወዲህ ሾርባ ይሠሩልኛል፤ ሳህኑን ከበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው ሳያንኳኩ ይሄዳሉ። ምን አድርጌ እንዳስቀየምኳቸው አላውቅም። ለአንተ የጻፉልህ ነገር ካለ ንገረኝ።

አራሚህ


ኅዳር 21

ለአራሚዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ስፌቱስ ጠገገ? እኔ ከአቧራው በቀር ደህና ነኝ።

«እናትህ ምን ብለው ጻፉልህ?» ብለሽ ሁለተኛ በላክሽው ብጣሽ ጠይቀሽኛል። ምንም። ማለቴ፣ ብዙም አይደለም። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ራሷ አትጽፍም፣ ለእህቴ ትነግራትና እህቴ ደግሞ ከራሷ ጨው ጨምራ ትልካለች። ሁሉንም እንደወረደ ብወስደው እኔ እዚህ ሥራ አልሠራም። ስለዚህ አትናደጂ።

የመንገዱ ሥራ ገፍቷል። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ጠረጋ ጨርሰናል። ግሬደሩ ቁጥቋጦውንም ድንጋዩንም ጠራርጎ አንስቶት መሬቱ እንደ መዳፍ ወጥቷል። ትናንት የቅየሳ መሣሪያዬን ተክዬ በዚያኛው ጫፍ የቆመውን ረዳቴን ሳየው፣ መሀላችን አንድም የሚከልል ነገር አልነበረም። ደስ ይላል። አንቺን አስቤ ነበር።

የግሬደሩ ነጂ በየጠዋቱ ሚስትህ ተሻላት ወይ ይለኛል። ይሻላታል እላለሁ። ምኗን ነው ሲለኝ ሆዷን እላለሁ። ምን ልበለው?

አንቺስ ግን «ሌላም ነገር ተገኝቷል» ብለሽ እዚያው ላይ ነጥብ ታደርጊያለሽ? ሰው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ያቆማል? ቃል አጠፋችሁ ብለሽ የሰው ድርሰት የምትመልሺ ሴትዮ! እኔም በበኩሌ የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ። ጀምሬው ቀደድኩት። ራሴን ሰብስቤ በሚቀጥለው መኪና እልከዋለሁ። ስትመልሺልኝ ረጋ ብለሽ ይሁን።

ቀያሽሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለጠያቂዬ፤

በረጋሁበት ሰዓት ነው የምጽፍልህ። እንዳዘዝከኝ።

ጥያቄህ ደርሶኛል። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ጊዜ ነው ያስጠረግሽው?» ይላል። ልማዴ ነውና እርሳስ ይዤ አነበብኩት። እርሳሴ «ስንት ጊዜ» ላይ ቆመ። አስጠርገሻል ወይ ብለህ አልጠየቅክም። ያንን ለራስህ ጠይቀህ ለራስህ መልሰህ ጨርሰሃል። እኔ ጋ ስትደርስ የቀረህ መቁጠር ብቻ ነበር።

መልሱ ይኸውልህ። አንድም ጊዜ። አስወርጄ ቢሆን ኖሮ አስወርጃለሁ እልህ ነበር፤ አንተን ፈርቼ የምደብቀው ነገር እንደሌለኝ ከጋብቻችን በፊትም ታውቃለህ። አላስወረድኩም።

አሁን የነገሩን አመጣጥ ስማ። ሐኪሙ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ፣ የአፉን ጭምብል ሳያወልቅ፣ ለእናትህ «ማዮማውን አውጥተናል፤ ሌላውንም በደንብ ጠርገናል» አላቸው። እናትህ የያዙት የመጨረሻዋን ቃል ነው። ማህፀን እና ጠረጋ በእሳቸው ጆሮ አብረው የሚሰሙት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ ፅንስ ስታስወጣ። ሐኪሙ ደግሞ እሱን ብሎ አልነበረም። አንዲት ቃል ሁለት ሰው መሀል ወደቀችና የተሰበርኩት እኔ ሆንኩ።

የጠረገው ከማህፀኔ ውጭ የነበረውን ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር፣ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው ውጭ ይበቅላል። እኔ ላይ የተገኘው አንዱ ኦቫሪዬ ላይ፣ ከማህፀኔ ጀርባ እና አንጀቴ ላይ ነው። የወር አበባ ሲመጣ እሱም ያለበት ቦታ ሆኖ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህ ያብጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ያጣብቃል። ማዮማ ኖሮባት ሆዷ የሚከፈት ሴት ይህኛውም አብሮ የሚገኝባት ጊዜ ጥቂት አይደለም ብሎኛል ሐኪሙ። ግን ማዮማው ስክሪን ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ሁሉም እሱን አይቶ ያቆማል፤ የሴትዮዋ ሕመም በሙሉ በእሱ ስም ይጻፋል። እኔም ካልተሟገትኩ የእኔም እንደዚያ ይቀር ነበር። «ከከፈትክ አይቀር ጀርባውንም እይ» ብዬው ነው የገባሁት።

ሁለቱንም ያመጣው እኔ ያደረግኩት ነገር አይደለም። ጠይቄ ነው የምነግርህ፤ ለእኔ ብዬ እንጂ ለአንተ ብዬ አልነበረም የጠየቅኩት።

እና አብረን ስንተኛ ፊቴን ወደ ግድግዳው ሳዞርብህ «ሥራ በዝቶብሻል» የምትለኝ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ምንም ማለት የተውከው፣ እሱ ነበር። ያማል ብዬህ ነበር። ሁሉም ያማል ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ፤ ያንን ሳቅ መልስልኝ።

አንተስ ግን ሥራህ ምንድን ነው? በገዛ እጅህ «ጠረጋ ጨርሰናል» ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ ኮረብታውን ስንት ጊዜ አስወረድከው ብዬ አልጠየቅኩህም።

ስፌቴን ልታይ ስሄድ ሐኪሙን ያዝኩት። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ አንቺ ስለሚለኝ እኔም አንተ እለዋለሁ። እኔ ተኝቼ ሳለሁ የእኔን ነገር ለምን ለሌላ ሰው ተናገርክ አልኩት። ለቤተሰብ መንገር የተለመደ ነው አለ። ከዚያ ቃሉ ምን እንዳደረገ ስነግረው በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። ዛሬውኑ ለሁለቱም ደብዳቤም ጽፌ ስልክም ደውዬ ላስረዳ አለኝ። ከልቡ ነበር። እንዳታደርገው አልኩት። ባሌ የጠየቀው እኔን ነው፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ።

እናትህንም አናግሬያቸዋለሁ። ሳሎን ተቀምጠው ያንተን ሸሚዞች ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው። እማማ፣ ሐኪሙ ጠርገናል ያለው ብዬ ስጀምር ሸሚዙን አስቀምጠው «ልጄን ፀሐይ እየበላው ነው» አሉኝ። እሱንና ይህን ምን አገናኘው ስላቸው «የልጅ ልጄንም አንቺ በላሽው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን አልጽፍልህም። እሳቸው ከጻፉልህ ግማሹ የእኔ መሆኑን እወቅ፤ ዝም ብዬ አልወጣሁም።

አሁን ያለሁት አክስቴ ቤት ነው። ከባድ ነገር አንሺ ስላልተባልኩ ሻንጣዬን የተሸከመችው እሷ ናት፤ ደረጃው ላይ እያለከለከች ሁሉንም ዘመዶችህን በየተራ አነሳቻቸው። ልብስ ከምትሰፋበት ክፍል መጋረጃ ጋርዳ ጥግ ሰጥታኛለች። ሰው ሁሉ ሊሰፋለት ወደዚህ ይመጣል፣ ተሰፍታ የመጣችልኝ አንቺ ብቻ ነሽ ትለኛለች። መሳቅ ስለሚያመኝ ከልክያታለሁ፤ አትሰማም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። የነገርኩህን ታምናለህ ወይስ አታምንም? አጭር መልስ ይበቃኛል።

አራሚህ


ታኅሣሥ 28

ለአራሚዬ፤

አምንሻለሁ። ከዚህ ሌላ በምን ቋንቋ ልጻፈው? «ስንት ጊዜ» ያልኩት አስቤ ሳይሆን ሳላስብ ነው። እህቴ የጻፈችውን ገልብጬ ነው የላክሁልሽ፤ የራሴ ቃል እንኳ አልነበረም።

ግን እማዬ በዓይኗ ያላየችውን አታምንም። «ሚስትህ አፏ ስለት ነው፣ ነጩን ጥቁር ታደርጋለች» እያለች ታስጽፍልኛለች። ስለዚህ ከሐኪሙ አንዲት ማረጋገጫ አጽፊና ለእሷ ላኪላት። ማህተም ይኑረው። ለእኔ አይደለም። ለእኔ ብሎ የጠየቀሽ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የእሷን አፍ ለማዘጋት ነው፤ ከዚያ ሁላችንም እናርፋለን።

ወደ አክስትሽ መሄድሽን ሰዉ ሰምቷል። የት ነሽ ለሚለኝ ምን እንደምል ጨንቆኛል። እኔ እዚህ አቧራ ላይ፣ አንቺ እዚያ መጋረጃ ኋላ፣ እማዬ መሀላችን ተቀምጣ። እባክሽ አንድ ወረቀት ነው የለመንኩሽ። አንድ ወረቀት ምን ያደርግሻል?

ቀያሽሽ


ጥር 6

ይድረስ ለቀያሹ፤

ወረቀት አልልክም። ወረቀቱን ሐኪሙ ዛሬ ብጠይቀው ዛሬ ይጽፍልኛል፤ ማህተሙንም አሽሞንሙኖ ይመታልኛል። አልጠይቀውም።

«አምንሻለሁ» የምትለውን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ተነስቼ መጋረጃውን ከፍቼ ለአክስቴ ልነግራት ነበር። ቀጣዩ መስመር በ«ግን» ጀመረ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ «ግን» የምትመጣው ከፊቷ ያለውን ልትሰርዝ ነው።

እናትህ ያላዩትን እንደማያምኑ ነግረኸኛል። ታዲያ አንተን አያምኑህም? ልጃቸው አይደለህም? ተቀምጠህ ጻፍላቸው። «ሚስቴን ጠየቅኋት፤ አላደረግኩም አለችኝ፤ አለቀ» በል። ማህተም አያስፈልገውም። ያቺ ናት የምፈልጋት ወረቀት፤ እሷን ጽፎ ሊሰጠኝ የሚችል ሐኪም የለም።

ጽፌላቸዋለሁ ስትለኝ ሻንጣዬን አስተካክላለሁ። እስከዚያ ሰው የት ናት ካለህ፣ አክስቷ ቤት ናት፣ ተቆጥታ ነው በለው። ቀላል ነው። ምኗን አመማት ካለህም ማህፀኗን በለው። ማህፀን ስድብ አይደለም።

አራሚህ


የካቲት 2

ለምወድሽ አራሚዬ፤

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የምሥራች ነው።

«ነገርካቸው ወይ?» ብለሽ በጨረፍታ ለጻፍሽልኝ፣ አዎ፣ ነግሬያታለሁ። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ። እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ አለቃዬን አስፈቀድኩና ነዳጅ መኪናው ላይ ተሳፍሬ ከተማ ወረድኩ። ሙሉ ቀን ነው የፈጀብን፤ መንገዱ እኛ ያልደረስንበት ስለሆነ ወገቤ ተቆርጧል። እንደደረስኩ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው እያስተላለፉ ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ ሐኪሙ ራሱ መጣ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ሁሉንም በዝርዝር አስረዳኝ፤ ማዮማውን፣ ሁለተኛውን በሽታ፣ ጠርገናል ያለው ምን ማለቱ እንደነበር። «ማስወረድ የሚባል ነገር ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም» አለኝ። እያንዳንዷ ያልሽው ነገር እውነት ነው። አንዲትም አልተሳሳትሽም።

እዚያው ቆሜ ለእማዬ ደወልኩላት። ሰምታ አለቀሰች። ከሐኪሙ አፍ ሰምቻለሁ ስላት ነው ልቧ የተመለሰው። አንቺም ጋ መጥታ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ነው። ክፍላችንን ቀለም እያስቀባችልሽ ነው፤ ውሃ ሰማያዊ ትወዳለች ብዬ ነግሬያታለሁ።

ለአንቺም ልደውል ቁጥርሽን ጀምሬ ነበር። ድምፅሽን ለመስማት አፈርኩ። ተውኩት። ይቅር በይኝ። አሁን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታይቷል። ንጹህ ነሽ። ማንም ምንም ሊልሽ አይችልም። በመጋቢት እረፍት አለኝ፤ ስመጣ ቤታችን እንድትጠብቂኝ እለምንሻለሁ።

ቀያሽሽ


የካቲት 17

ይድረስ ለቀያሹ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራም ጀምሬያለሁ። የሰባተኛ ክፍል ሰዋስው ላይ ነኝ።

«ዳግመኛ ኦፕራሲዮን ትገቢያለሽ ወይ?» ብለህ በሾፌሩ በኩል አስጠይቀሃል። እገባለሁ። እሱን በመጨረሻ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ምሥራችህ።

አንድ ቀን ሙሉ በነዳጅ መኪና ተንገላተህ ከተማ ወረድክ። ሆዴ ተከፍቶ ተኝቼ ሳለሁ ያልሄድከው መንገድ ነው፤ መሄድ እንደሚቻል ማወቄ ጥሩ ነው። ስልክ አገኘህ። ደወልክ። የደወልከው ግን ለሐኪሙ ነው። መልኩን አይተኸው የማታውቀውን ሰው አንድ ጊዜ ሰምተህ አመንክ። እሱ የነገረህ እኔ በታኅሣሥ ከጻፍኩልህ የሚለየው በምንም አይደለም፤ እንዲያውም የእኔው ሳይሻል አይቀርም፣ ታርሞ የወጣ ነው። እኔ ስነግርህ ክስ ነበር። እሱ ሲነግርህ እውነት ሆነ። ለእናትህም የነገርካቸው እሱን ነው። «ሚስቴ አላደረግኩም አለችኝ» የምትለዋን ግን ዛሬም አላልካትም፤ አሁን ደግሞ ብትላትም ዋጋ የላትም፤ ተጣርታለችና።

«ንጹህ ነሽ» ብለኸኛል። መቼ ቆሽሼ?

እናትህ መጥተው ነበር። አክስቴ መጋረጃው ኋላ ሱሪ የሚለካ ሰውዬ አለ ብላ ደጅ አቆመቻቸው። ሰውዬ አልነበረም። በኋላ ገቡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «እኔ ቃሉን ነው የሰማሁት፣ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፤ በድዬሻለሁ» አሉኝ። አላለቀሱም፤ እኔም አላለቀስኩም። ሊሄዱ ሲነሱ፣ እማማ፣ እንዲህ ያለ ሕመም በእናንተ ጊዜ ስም ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ የበሩን እጀታ ይዘው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ሳሙኝና ወጡ። ከእሳቸው ጋር ታርቀናል። ቀሎኛል። እሳቸው የተሳሳቱት ቃል ነው፤ አንተ የተሳሳትከው ሰው ነው።

ያንተንም ይቅርታ ተቀብያለሁ። አልመለስም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ ብለህ ከዚያ ኮረብታ ላይ እንዳትጨነቅ። ሁለት ነገር አንድ ሆድ ውስጥ አብሮ እንደሚኖር፣ አንዱ ሌላውን እንደማያስቀረው፣ የማውቀው እኔ ነኝ። አልጠላህም። ያንን ቤት ግን በሐኪም ቃል ተለቅቄ የምገባበት ቤት አላደርገውም። ነገ ሌላ ነገር አሞኝ ስነግርህ፣ ማንን ጠይቆ ይሆን የሚያምነኝ እያልኩ አብሬህ አልተኛም። ውሃ ሰማያዊው ክፍል ለእህትህ ይሁንላት። በመጋቢት ስትመጣ የጋብቻ ውላችን ስለሚፈርስበት ሁኔታ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አክስቴ ትኖራለች፤ መቀስዋን ደብቄልሃለሁ።

አሁን ስለ ኦፕራሲዮኑ። ማዮማው በወጣ ጊዜ ሐኪሙ ሌላውን ቢጠርግም አንጀቴ ላይ በጥልቀት የተጣበቀውን አልነካውም ነበር፤ የአንጀት ሐኪም አብሮት ካልገባ አደጋ አለው። ለወራት መድኃኒት ስወስድ ቆየሁ፣ ያኛው ሕመም ግን አልተወኝም። ሁለቱ ሐኪሞች ተስማምተው ቀን ተቆርጦልኛል። ልጅ እወልድ እንደሆነ ሐኪሜን ጠይቄው ነበር፤ አይታወቅም፣ ተስፋው ግን አልተዘጋም አለኝ። ከዚህ በላይ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ከዚህ በታችም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ግን ወደ እሱ የሄድኩት ለቀጠሮ አልነበረም። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ፣ እንዳትደውልለት ብዬህ አልነበረም ወይ አልኩት።

«እኔ አልደወልኩም፤ እሱ ደወለ። ባለቤቷ ነኝ ሲለኝ…» አለ።

ባለቤት የሚለውን ቃል ያን ሳምንት ሙሉ ለሰባተኛ ክፍል ሳርመው ነበር የሰነበትኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ዶክተር፣ ‹ታማሚዋ አልጋው ላይ ተኛች።› የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ናት?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ታማሚዋ» አለ።

«እሷ እኔ ነኝ» አልኩት።

አጥፍቻለሁ አለ፤ አዎ አልኩ። የፈቃዱን ወረቀት አመጡልኝና እያንዳንዱን መስመር አንብቤ ፈረምኩ፤ አንድ ቦታ ፊደል ተሳስተው ነበር፣ አርሜ ነው የፈረምኩት። ነርሷ እንደ ልማዳቸው፣ ስትወጪ ውጤቱ ለማን ይነገርልሽ አለችኝ። አክስቴ አጠገቤ ነበረች፤ አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኩት። ለማንም አልኩ። ነርሷ ሐኪሙን አየችው፤ ሐኪሙ እኔን አየኝ። ውጭ ሰው ይጨነቃል እኮ፣ የሆነ ነገር ብናገኝስ ምን እናድርግ አለ።

«እስክነቃ ጠብቅ» አልኩት።

አራሚዋ